«ወፍ አለ» ያልንበት እሑድ

ኦዛይ፣ ሊነጋ ሲል

የበይሩቱ ኦዛይ እሑድ ጠዋት ሌላ ሰፈር ነው። ከክፍላችን በታች ያለው ሶፋ ሠሪ መጋዙን አላስነሳም፤ ጋራዦቹ ተከርችመዋል፤ የኅዳር ብርድ ከባሕሩ እየመጣ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። እረፍት የሌለው አውሮፕላኑ ብቻ ነው፤ አንዱ ጣሪያችንን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ለምን በዚህ ሰዓት እንደተነሳን ልንገራችሁና ሳቁ። ወፍ ልናይ ነው።

ገጻችንን የምታነቡ ታውቁኛላችሁ፣ ሀያት ነኝ፣ ፍሪላንስ፤ ያኒ በየቤቱ እየዞርኩ አጸዳለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ቨርደን ሰፈር አንድ ጡረተኛ የሳይንስ አስተማሪ ቤት እሠራለሁ፤ ኡስታዝ ናዲም ይባላል። የቤቱ ግድግዳ ሁሉ የወፍ ፎቶ ነው። አቧራቸውን የማራግፈው እኔ ስለሆንኩ መልካቸውን አውቀዋለሁ፣ ስማቸውን ግን ጠይቄም አላውቅ። በየዓመቱ ወፎቹ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ሲያልፉ ከጓደኞቹ ጋር ቫን ተከራይቶ ከከተማ ይወጣል። ከጦርነቱ ወዲህ ግማሾቹ ካናዳ፣ ግማሾቹ ፈረንሳይ ሄደው ቫኑ ባዶ ሆነበት። «ሀያት፣ ጓደኞችሽን አምጪ፣ ቦታ አለ» አለኝ። እኔ ለወፍ ብዬ የእሑድ እንቅልፌን የምሰዋ ሰው አይደለሁም። ግን የነጻ መኪና፣ የነጻ አየር፣ ማን እምቢ ይላል።

ያልጠበቅኩት ሉባባ እሄዳለሁ ማለቷን ነው።

ሉባባ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነው የምትኖረው። የወሎ ልጅ ናት፣ የሐይቅ። ከማዳሟ ቤት ከወጣች ወዲህ ኢቃማ የላትም፣ የመኖሪያ ወረቀት ማለቴ ነው፤ ፓስፖርቷም እዚያው ማዳሟ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። ልጇ ሪም እዚሁ ተወልዳ ዓመት ሊሞላት ነው። አባትየው የት እንዳለ አትጠይቁኝ። ሉባባ ከተያዘች ሪም ማን ጋ እንደምትቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከክፍላችን ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው እታች ወደምታጸዳው ሱቅ፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ ላይ። በይሩት ለሷ ይቺው ናት።

«ሳር ማየት አማረኝ» አለች ሻሿን እያሰረች። «ሌላ ምንም አልፈልግም። ሳር ላይ ትንሽ ቁጭ ብዬ መምጣት ነው።»

«እሑድ እኮ ነው፣ ወፍ የለም» አለቻት ፎዚያ። ፎዚያም የክፍላችን ልጅ ናት፤ እንደኔው ኢቃማ አላት፣ አፏም ከኔ ይብሳል።

እዚህ ላይ ቋንቋችንን ላስረዳ። አገር ቤት «ወፍ የለም» ስንል ምንም የለም ማለታችን አይደል? ኦዛይ ላይ ነገሩ ከዚያ ተነስቶ ሌላ ሆነ። ፖሊስ ሰፈር ሲገባ መጀመሪያ ያየችው «ወፍ አለ» ትላለች፣ በስልክም ይሁን በመስኮት። ያኔ ኢቃማ ያለን በር ላይ ወጥተን፣ «ቦንጁር ሙሴ» እያልን፣ ወረቀታችንን አንድ በአንድ እየፈለግን እናቆያቸዋለን። የሌላቸው በጣሪያ ወደ ጎረቤት ይሻገራሉ። ማንም ተሰብስቦ ያወጣው ሕግ አይደለም፣ ግን ይሠራል። ችግር የፈጠረው አንዴ ብቻ ነው። ሪም መቆም ስትለማመድ እንደ ወጉ «ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች» ብንላት፣ ፎዚያ ከኩሽና ወደ በሩ ሮጠች፣ የጎን ክፍል ልጆች ጣሪያ ላይ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሉባባ «ወፌ ቆመች»ን በቤቱ ከለከለች።

«የእውነት የቆመች ቀን እኔው ራሴ እለዋለሁ» አለች። «ጮክ ብዬ። የሚሮጥ ይሩጥ።»

ያን ጠዋት ሪም የውኃ ጀሪካኑን በሁለት እጇ ይዛ እየተንገዳገደች ነው የተውናት። ወገቧን አሟት የቀረችው የክፍላችን ልጅ ሰዓዳ ተቀበለቻት። ሉባባ ሁለቴ ከደረጃው ተመልሳ ልጇን ሳመቻት። «ያላ፣ ሰው አታስጠብቂ» አልኳት፤ እኔ እንዲህ ነኝ፣ ስንብት ሲረዝም ያናድደኛል።

የባሕሩ መንገድ

ቫኑ ነጭ ነው፣ አንዱ በሩ በገመድ የታሰረ። ሹፌሩ አቡ ዓሊ የሚባል ወፍራም ሰው፣ ሲጋራውን በመስኮት አውጥቶ እያጨሰ፣ «እናንተም ለወፍ ነው የመጣችሁት?» አለና ሳቀብን። ኡስታዝ ናዲም ከፊት ተቀምጧል፤ ኪሱ የበዛ ሰደርያ ለብሷል፣ ባርኔጣ አድርጓል። ከኋላው ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጃገረዶች አሉ፣ ተማሪዎቹ የነበሩ። ከዚያ እኛ ሦስታችን። ኡስታዝ ናዲም ትኩስ ማንኡሼ፣ ዘይትና ዘዕተር የተቀባ ቂጣ፣ አደለን። ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ቀሚሴ ላይ ወረደ፣ ቢሆንም ጣፋጭ ነበር።

መንገዱ በቀኝ ባሕር፣ በግራ ፍርስራሽ ነው። አንዳንዱ ሕንፃ ወለል በወለል ተደራርቦ ወድቋል። መጋረጃ የተንጠለጠለበት ግድግዳ ብቻውን ቆሟል። ልጃገረዶቹ አያዩትም፤ ለምደውታል። እኛም ለምደነዋል መሰለኝ፣ ፎዚያ ማንኡሼዋን እየበላች ነበር።

ኻልዴን አልፈን ሐጂዝ ደረስን። ሐጂዝ የሚባለው መንገድ ላይ ቆመው የሚፈትሹበት ቦታ ነው። ሉባባ እጄን ያዘች። ወታደሩ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። ኡስታዝ ናዲም ባርኔጣውን አንስቶ፣ «ወፍ ልናይ ነው» አለው። ወታደሩ እንደ እብድ ተመልክቶት በእጁ እለፉ አለ።

«ወፍ የለም» አለች ፎዚያ በሹክሹክታ። ሉባባ እጄን ለቀቀች።

ለኡስታዝ ናዲም ስለ ሉባባ ወረቀት አልነገርኩትም። ይሄ የሚነገር ነገር አይደለም፣ ለደግ ሰውም ቢሆን።

ሜዳው

ከዳሙር ወዲህ፣ ከሙዝ እርሻዎቹ ጀርባ፣ እስከ ባሕሩ የተዘረጋ ሜዳ አለ። ሳሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ ሥሩ ላይ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ የበቀለ አረንጓዴ ይታያል። ደስ ይላል ልላችሁ ነበር፣ ግን ወርጄ ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ጫማዬ ስር አንድ ነገር ተሰበረ። የጥይት ቀለህ ነው፣ የአዳኝ ጥይት፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ፕላስቲክ። ሜዳው በሙሉ የልጅ መጫወቻ የተበተነበት ይመስላል። ላባም አለ። ከበላያችን ደግሞ ያ የማይታየው ድሮን ይነዘንዛል፤ ሰዎቹ ስም አውጥተውለት «እም ካሜል» ይሉታል። ብርዱ፣ ቀለሁ፣ የሱ ድምፅ፣ «ለዚህ ነው እንቅልፌን ያጣሁት?» አልኩ በሆዴ።

ሉባባ ግን ጫማዋን አወለቀች። ቀለሁን በእጇ ጠርጋ፣ አንድ ንጹሕ ቦታ አዘጋጅታ፣ ሳሩ ላይ ቁጭ አለች። መዳፏን ሳሩ ላይ ታንሸራትታለች። ልጠራት አስቤ ተውኩት።

ኡስታዝ ናዲም አቅራቢ መነጽር አደለን። ለሉባባ የሰጣት የራሱን ነበር፣ ጥቁር፣ የአንገት ማሰሪያው ያረጀ። ፎዚያ መነጽሩን ገና ዓይኗ ላይ እንዳደረገች አንድ ግራጫ ነገር ከሙዙ መሃል ተነሳ።

«ወፍ አለ!» ብላ ጮኸች።

ሉባባ ከተቀመጠችበት ተነስታ በባዶ እግሯ ወደ ሙዝ እርሻው ሮጠች። ግማሽ መንገድ ስትደርስ ነው የገባት። ቆመች፣ ዞረች፣ አየችን። ፎዚያ መሬት ላይ ተንከባለለች በሳቅ። እኔም ሳቄን መግታት አቃተኝ። ሉባባ እየተመለሰች፣ «አላህ ይይላችሁ፣ ልቤን አፈሰሳችሁት» አለች፣ ከዚያ እሷም ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

«ምን አለች?» አለኝ ኡስታዝ ናዲም።

«ወፍ አለ። ያኒ፣ ፊ ዐስፉር።»

«ወፍ አለ» ብሎ ደገመው። ወደደው። ልጃገረዶቹንም አስተማራቸው። ከዚያ በኋላ ጠዋቱን ሙሉ፣ አንዷ ድንቢጥ በተነሳች ቁጥር፣ «ወፍ አለ!» ከዚያ፣ «ወፍ አለ!» ከዚህ። አቡ ዓሊ ሳይቀር ከቫኑ ሆኖ «ወፍ አለ!» ብሎ ዶሮ አሳየን። መጀመሪያ ላይ ሉባባ በጮህን ቁጥር ትከሻዋ ይሰበሰብ ነበር። ረፋድ ላይ መለስ ብላ ብቻ ታይ ጀመር። ቀትር ሲሆን ራሷም ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ «ወፍ አለ፣ ሀዩ፣ እይማ» አለችኝ። ጥቁር ልብስ ክሎር ውስጥ ሲነከር ቀለሙ እንደሚለቀው፣ ያ ቃል በእጃችን ላይ ለቀቀ። ያኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ለአንድ ቀን የማያስፈራ ሆነልን ብዬ።

ኡስታዝ ናዲም የሚጠብቀው አንድ ወፍ ነበር። ኩርኪ ይሉታል፤ ረጅም አንገት፣ ረጅም እግር፣ ግራጫ፣ በመንጋ የሚሄድ። «ከዚህ አልፈው አንዳንዶቹ የእናንተ አገር ነው የሚከርሙት» አለን። ቀጥሎ የሚለውን አውቄዋለሁ፤ አልቀረም፣ አለው። «ፓስፖርት የላቸውም፣ ቪዛ የላቸውም።» እንዲህ የሚለው ሁልጊዜ ፓስፖርቱ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ሉባባ ግን አልተከፋችም። «እንግዲህ ካገኛችኋቸው ሰላም በሉልኝ፣ መንገዱን ጠይቁልኝ» አለች።

ቀትር

ምሳ ልንቀርብ ስንል ተኩስ ሰማን። ሁላችንም መሬት ላይ ነበርን፣ ልጃገረዶቹም ጭምር። አቡ ዓሊ ብቻ ነው ያልተነቃነቀው፣ «አዳኞች ናቸው፣ ተነሱ» አለን። ከሙዙ ወዲያ ማዶ ሁለት ሰዎች አየን። ከሰማይ አንድ ትልቅ ቡናማ ወፍ ተገልብጣ ወረደች፤ አንድ ክንፏ ብቻ ይሠራ ነበር። ሰዎቹ ሊያነሷት እንኳ አልመጡም።

ኡስታዝ ናዲም ፊቱ ቀላ። አደን እኮ ክልክል ነው። ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ የቦታውን ስም ሲነግር፣ «ደረክ» ሲል ሰማሁ፤ ፖሊስ ማለት ነው። ጆሮዬ ቆመ። ሲጨርስ ጠጋ አልኩት።

«ይመጣሉ?»

«ስንት ዓመት ነው የምደውለው፣ አንድ ቀን መጥተው አያውቁም» አለኝ። «ግን ካልደወልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ቢሆንም ለሉባባ ነገርኳት። «አይመጡም ይላል» አልኳት። ሉባባ አዳኞቹ ወደነበሩበት አየች፣ ከዚያ ወደ መንገዱ። «ልሂድ ብል በምን እሄዳለሁ» አለች። እውነቷን ነው፣ አውላላ ሜዳ ላይ ነን። በላን። ሰዓዳ በቪዲዮ ደውላ ሪምን አሳየችን። ሪም ጀሪካኑን በአንድ እጇ ብቻ ይዛለች። «እንዳትለቅ በያት፣ እኔ እስክመጣ» አለች ሉባባ እየሳቀች። ስልኩን ሳመችው።

ከዚያ ሶላቷን ልትሰግድ ወደ ቫኑ ሄደች፤ መስገጃዋ እዚያ ነው የቀረው። ቫኑ መንገዱ ዳር ቆሟል፣ ከኛ ራቅ ብሎ። መነጽሩ አንገቷ ላይ ነበር። አቡ ዓሊ ከሙዙ ጀርባ ሊሸና ሄዷል።

እኔ የማየው ባሕሩን ነበር። ድምፅዋን ሰማሁ።

«ወፍ አለ!» አለች ሉባባ ከወዲያ። «ሀዩ! ወፍ አለ!»

ቀና አልን። ሁላችንም፣ አንድ ላይ፣ ወደ ሰማይ። ፎዚያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። ኡስታዝ ናዲም «ወይን? ወይን?»፣ የት ናቸው፣ እያለ ባርኔጣውን ጣለ። ጉዱ ደግሞ፣ ነበሩ። ከባሕሩ በኩል፣ ከፍ ብለው፣ በሰልፍ፣ አንገታቸውን ዘርግተው፣ እየተጣሩ። ኩርኪዎቹ መጡ። ልጃገረዶቹ ተቃቀፉ። ኡስታዝ ናዲም እንባው ወረደ።

«አየነው!» ብዬ ጮህኩላት። እጄን አውለበለብኩላት፣ ዞሬ ሳላያት። «አየነው ሉባባ፣ አየነው!»

እሷ እንደገና ጠራች። «ወፍ አለ» ነው ያለችው፣ ግን ድምፅዋ ሌላ ነበር። ያኔ ነው ወደ መንገዱ የዞርኩት።

ከቫኑ ጀርባ አንድ የፖሊስ መኪና ቆሟል። ለአዳኞቹ የመጡት ናቸው። አዳኞቹ የሉም፤ ያለችው ሉባባ ናት፣ መስገጃዋን እንደያዘች፣ ቫኑ በር ላይ። ሮጥን። እኔ ኢቃማዬን ከጡት መያዣዬ እያወጣሁ፣ ፎዚያ «ቦንጁር፣ ቦንጁር» እያለች። ሠላሳ እርምጃ ቀድመን ብንሮጥ፣ በቫኑና በሙዙ መሃል ቆመን ብንቀባጥር፣ እሷ ቅጠሉ ውስጥ ትገባ ነበር። በኦዛይ ስንት ጊዜ አድርገነዋል። ስንደርስ እሷ መኪናው ውስጥ ነች።

ኡስታዝ ናዲም እያለከለከ ደረሰ። አስተማሪ መሆኑን፣ እንግዳው መሆኗን፣ ኃላፊነቱን እንደሚወስድ ተናገረ። ፖሊሱ ባለጌ አልነበረም፣ ይሄ ነው የባሰብኝ። «ኡስታዝ፣ ወረቀት የላትም። ኸላስ፣ ነገ መጥተህ አነጋግር» አለው። ቀጥሎ ከሉባባ አንገት ላይ መነጽሩን አውልቆ፣ «ይሄ ያንተ ነው መሰለኝ» ብሎ በክብር ሰጠው። ኡስታዝ ናዲም ተቀበለው።

ሉባባ በመስኮቱ አየችኝ። አላለቀሰችም። «ወተቱ መደርደሪያው ላይ ነው» አለችኝ። «ሞቅ ካላለ አትጠጣም።» መኪናው ሄደ። ኩርኪዎቹ ገና ይሰሙ ነበር።

ስንመለስ

አቡ ዓሊ ሲጋራውን አልለኮሰም። ተከትለን ወደ ጣቢያው ሄድን፤ በር ላይ ቆመን፣ ዛሬ እሑድ ነው ተባልን፣ ተመለስን። ያው ሐጂዝ ላይ ያው ወታደር ኡስታዝ ናዲምን አውቆት፣ «እሺ፣ ወፍ አገኛችሁ?» አለው።

ከሐጂዙ አልፈን ነው ኡስታዝ ወደኔ የዞረው። መነጽሩ ጭኑ ላይ ነው።

«ሀያት፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ወፎቹን አይታ ነበር የጠራችን፣ አይደል? እንዳያመልጡን ብላ።»

ላልነግረው እችል ነበር። ግን ተናድጄ ነበር፣ በሱ፣ በራሴ፣ በወፎቹ፣ እሑድ በሚባል ቀን። ነገርኩት። ኦዛይ ላይ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሲባል ምን እንደምናደርግ፣ ሁሉንም። አጥርቼ፣ በዓረብኛ።

«የጠራኋቸው እኔ ነኝ» አለ። አጽናኚኝ ብሎ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ደግ ሰው ነው፣ ነገም ጠበቃ ይዞ ይሄዳል፣ አውቃለሁ። ግን ያን ሰዓት ለማንም የሚሆን ማጽናኛ አልነበረኝም። ፎዚያ ከጎኔ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ያን ቃል ጠዋት መጀመሪያ የጮኸችው እሷ ናት።

ኦዛይ፣ ሊመሽ ሲል

ሰዓዳ በሩን ከፈተች። ከኋላችን ሌላ ሰው ይመጣል ብላ ደረጃውን አየች። ከዚያ ፊታችንን አየች፣ አልጠየቀችም። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሪም ሦስታችንን ተራ በተራ ተመለከተች። በእምብርክክ እስከ በሩ ሄዳ ወደ ደረጃው አጮለቀች፣ ተመለሰች። ወተቱን አሞቅኩ። አልጠጣ አለች። ሞቅ ብሏል፣ ሁለቴ ቀመስኩት፣ እምቢ አለች። ከዚያ ወደ ጀሪካኑ ሄዳ በሁለት እጇ ይዛ ተነሳች፣ ወደ በሩ ዞረች፣ አንድ እጇን ለቀቀች።

ሁለተኛውንም ለቀቀች።

ቆመች። ምንም ሳትይዝ፣ እጇን ዘርግታ፣ ወደ በሩ እያየች፣ ቆመች። ሰዓዳ ቃሉ አፏ ድረስ መጥቶ ከንፈሯን ነከሰች። ፎዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሊባል የሚገባውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የማን እንደሆነም እናውቃለን።

ቀስ ብዬ ሄጄ፣ ከብብቷ ይዤ፣ መልሼ አስቀመጥኳት።

«ከደወለች፣ ገና አልቆመችም በሏት» አልኩ።

«ገና አልቆመችም» አለች ሰዓዳ።

ሪም ጀሪካኑን ይዛ እንደገና ተነሳች።